የድሮ ቆሻሻ መጣያ ሲጸዳ ቀድሞ የሚገባው ማን ነው?

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? የለም። ጥሩ። ዛሬ ስለዚህ ሽታ አወራለሁ። ሲሸተን ሳይሆን መሽተቱን ሲያቆም ስለሚሆነው ነገር።

ሥራዬ የሥራ ደህንነት ነው። ሳይት ላይ «ሄልሜት አድርጉ እያለ የሚዞረው ሰውዬ» ይሉኛል። አልቀየምም፤ እውነትም ስዞር ነው የምውለው። ግን የምነግራችሁ ታሪክ እኔ አዋቂ ሆኜ የቀረብኩበት አይደለም። የተሳሳትኩበት ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የድሮ ቆሻሻ መጣያ ላይ ተመደብኩ። የቦታውንም የድርጅቱንም ስም እዚህ አልጠራም። ለዓመታት ቆሻሻ ሲደፋበት ኖሮ፣ በኋላ አፈር ለብሶ ሣር የበቀለበት ቦታ ነው። ከሩቅ ለተመለከተው ግጦሽ ነው የሚመስለው። የእኛ ሥራ ቆሻሻውን ቆፍሮ ማውጣትና ቦታውን ማዘጋጀት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ኤክስካቫተሩ ሦስት ሜትር ያህል እንደቆፈረ አንድ አሮጌ ቱቦ ተገኘ። ፎርማኑ «አንድ ልጅ ይውረድና ወዴት እንደሚሄድ ይየው» አለ። እኔ ጠርዙ ላይ ቆሜያለሁ። እንቁላሉ ሸተተኝ። ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። እኔም በሙሉ ልብ «ተንፍሷል፤ ይውረድ» አልኩ።

ከኋላዬ አንዲት እናት ቆመው ነበር። ያ ቦታ መጣያ በነበረበት ዘመን ብረትና ላስቲክ እየለቀሙ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። አሁን በቀን ሠራተኛነት ተቀጥረው አብረውን ይሠራሉ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሽታው አልሄደም። አፍንጫህ ነው የሄደው።»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። የያዙትን ማዳበሪያ መሬት ላይ አንጥፈው ቁጭ አሉ። «ልጁ የሚወርድ ከሆነ እኔ ዛሬ አልሠራም» አሉ። ፎርማኑ ተናደደ። እኔ አፈርኩ። ልጁ ግን አልወረደም። በማግስቱ የጋዝ መለኪያ ከሌላ ቦታ ተውሰን በገመድ አሰርን፣ ወደ ጉድጓዱ ስንለቀው ገና ግማሽ ሳይደርስ ጩኸቱን አቀለጠው።

ያ ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። በጣም ትንሽ ሲሆን ይሸታል። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 100 ያህሉን ሲይዝ ግን የማሽተት ችሎታችንን ያደነዝዘዋል። ያኔ ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ከዚያ በብዙ እጥፍ ሲጨምር ጥቂት ትንፋሽ ብቻ ሰውን ይጥላል። ይህን እኔ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መልሼዋለሁም። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ግን ትዝ አላለኝም። እሳቸው ፈተና አልተፈተኑም፤ ግን ያውቁ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ማንኛውም ሳይት ስሄድ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የምገባው። እዚህ ቀድሞ የሚገባው ማን ነው? ብዙ ቦታ መልሱ አንድ ነው። ዋጋው ርካሽ የሆነው ሰው። ማሽኑ ውድ ስለሆነ ይጠበቃል። መሐንዲሱ ጠርዝ ላይ ይቆማል። የቀን ሠራተኛው ይገባል።

አሁን ወደ ቆሼ ልውሰዳችሁ። ቆሼ ሲባል ሁላችንም አንድ ምሽት ነው የሚታወሰን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረው የረጲ ክምር ተደረመሰ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። መጋቢት ነው፤ ክረምቱ ገና ነበር። «ዝናብ ሲመጣ እንጠንቀቅ» የሚል ሰው ሳይት ላይ ባጋጠመኝ ቁጥር ይህን ወር አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2008፣ የከተማው ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ። በጥቂት ወራት ውስጥ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ስለዚህ «የተዘጋ መጣያ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ነው የምሰማው። እኛ ጋ መዝጋት ማለት አንዳንዴ በሩን ገርበብ ማድረግ ነው። ወረቀት ላይ ተዘግቷል፤ ማታ ማታ ግን አንድ ሁለት ገልባጭ መኪና ይመጣል።

ቆሼ ብቻውን አይደለም። በኢስታንቡል ኡምራኒዬ እ.ኤ.አ. በ1993 ክምሩ ውስጥ የተጠራቀመ ሜቴን የሚባል ጋዝ ፈንድቶ 39 ሰው ሞቷል። ከቆሼ አደጋ አንድ ወር እንደተቆጠረ ስሪላንካ፣ ኮሎምቦ ውስጥ ሚቶታሙላ የሚባለው ክምር ተናደ። እ.ኤ.አ. በ2024 ነሐሴ ላይ ደግሞ የኡጋንዳዋ ካምፓላ፣ ኪቴዚ። አገሩ ይለያያል፤ ከሥር የሚሠራው ነገር ግን አንድ ነው።

ምንድን ነው የሚሠራው? ጠላ የጠመቀች እናት ጋኑን ጥርቅም አድርጋ ብትደፍነው ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። የቆሻሻ ክምርም ጠላ ነው። ምግብ፣ ቅጠል፣ ወረቀት፣ ጨርቅ ውስጡ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ኦክስጅን እስኪያልቅ ድረስ ይበሰብሳል። ከዚያ ኦክስጅን የማያስፈልጋቸው ደቂቅ ሕዋሳት ይረከቡታል። እነሱ የሚያወጡት ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሜቴን ነው። ቀሪው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ሥራ ከተዘጋ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ይቀጥላል። ላዩን አፈር አልብሳችሁ ሣር ስታበቅሉበት ጋኑን ደፈናችሁት ማለት ነው።

ሜቴን ይቀላል፤ ወደ ላይ ይወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከብዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሜቴን አየር ውስጥ ከ100 እጅ ከ5 እስከ 15 ሲሆን ይፈነዳል። ከ5 ሲያንስ አይነድም። ከ15 ሲበልጥም ኦክስጅን ስለሚያጥረው አይነድም። ይህን የሰማ አንድ ፎርማን «እንግዲያው ብዙ ሲሆን ይሻላል» ብሎኝ ያውቃል። አይሻልም። ብዙ ሜቴን ያለበትን ጉድጓድ ስትከፍቱት አየር ይገባል። ሲገባ መጠኑ እየወረደ መሄዱ አይቀርም። ከ40 ወደ 2 ለመውረድ በ15 እና በ5 መሃል ማለፍ አለበት። በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ሲጋራ ከለኮሰ አበቃ።

ሲጋራውን እንኳ ሁሉም ያውቀዋል። ማንም ልብ የማይለው ጀበናውን ነው። የትም ሳይት ሂዱ፣ ጠርዝ ላይ አንዲት ልጅ ከሰል አቀጣጥላ ቡና ታፈላለች። ነፋሻ ስለሆነ ከክምሩ ጥግ ተጠግታ፣ ከነፋስ በተከለለው በኩል ነው የምትቀመጠው። ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ደግሞ ጋዝ የሚጠራቀምበት ነው። እሷን ማባረር መፍትሔ አይደለም። እኔም ቡናዋን እጠጣለሁ። ከቁፋሮው ራቅ ያለ፣ ነፋስ ከክምሩ ወደ እሷ የማይነፍስበት ቦታ አዘጋጅቶ በክብር ማስቀመጥ ነው። ሥራ ሲጀመር የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እሷም ብትጠራ ደስ ይለኛል።

ጋዙ ደግሞ በአጥር አይታጠርም። እንግሊዝ አገር ደርቢሻየር ውስጥ ሎስኮ የሚባል መንደር አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1986 ማለዳ አንድ ቤት ፈነዳ። ሦስት ሰዎች ክፉኛ ተጎዱ። ቤቱ መጣያ ላይ የተሠራ አልነበረም። በአቅራቢያው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የተዘጋ መጣያ ነበር። ጋዙ በድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ጎን ተጉዞ ቤቱ ሥር ገብቷል። በዚያ ሌሊት የአየር ግፊት በፍጥነት ወርዶ ነበር። ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀልል ከሥር ያለው ጋዝ ይወጣል። ለዚህ ነው «ትናንት ለክተነዋል፣ ንጹህ ነው» የሚለውን መልስ የማልቀበለው። ትናንት ሌላ አየር ነበር። ጠዋት ይለካል። ከምሳ በኋላ ይለካል። ማሽኑ አዲስ ነገር በከፈተ ቁጥር ይለካል።

የመለኪያውን ቅደም ተከተልም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። መጀመሪያ ኦክስጅን ነው። ንጹህ አየር ላይ ከመቶ 20.9 ይላል። ከ19.5 ካነሰ ሰው አይገባም። ሁለተኛ የሚነድ ጋዝ። ሦስተኛ መርዝ። ኦክስጅን ለምን ይቀድማል? በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ የሚነድ ጋዝ የሚለካው ክፍል ጋዙን እዚያው ውስጡ በትንሹ እያቃጠለ ነው የሚለካው። ለማቃጠል ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅን በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ሜቴን ሞልቶ እያለ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ኦክስጅኑን ሳታዩ የሜቴኑን ቁጥር ካመናችሁት መሣሪያው ሳይዋሽ እናንተ ተታለላችሁ። ደግሞ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ነው የሚለካው። በገመድ። በሰው እጅ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ዜና ላይ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? አንድ ሰው ጉድጓድ ሊያጸዳ ገባ፣ ድምፁ ጠፋ። ወንድሙ ሊያወጣው ገባ። ጎረቤት ተከተለ። አዲስ አበባም ክፍለ ሀገርም ይህ ዜና ይደጋገማል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ባሉ የታፈኑ ቦታዎች ከሚሞቱት ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላ ሰው ለማዳን የገቡ ናቸው ብሏል። ከመቶ ስድሳ!

እኛ ጋ ይህን ማስተማር ይከብዳል። ሰው እየሞተ ቆሞ ማየት ነውር ነው። ገብቶ የሞተው «ጀግና» ይባላል፤ ውጭ የቆመው ዕድሜ ልኩን ይጠየቃል። ስለዚህ «አትግቡ» ብሎ መለጠፍ ብቻ ዋጋ የለውም። ውጭ ለቆመው ሰው የሚሠራው ሥራ መስጠት አለብን። እኔ የማደርገው ይህን ነው። የሚገባው ሰው መታጠቂያ አጥልቆ፣ ገመዱ ላይ ባለሦስት እግር ማንሻ ተተክሎ ነው የሚገባው። ውጭ ያለው ሰው እጁ ከገመዱ አይለይም። በየጥቂት ደቂቃው በስም ይጣራል። መልስ ካልመጣ ማንሻውን ያዞራል። አይገባም፤ ያወጣል። ይህን ሲለማመድ እግሩ አይቸኩልም፣ እጁ ሥራ አለው። ገመድና ማንሻ ከሌለ ደግሞ ሰው የሚገባበት ሥራ የለም። በማሽን ቆፍሩት፣ ጎኑን ክፈቱት፣ ሌላ መላ ምቱ።

መደርመስን ልጨምር። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ሆኖ ታፍኖ ሊሞት ይችላል፤ ደረቱ አይነሳለትማ። ቆሻሻ ከአፈር ቢቀልም ባህሪው ይከፋል። አንዱ ጋ ላስቲክ ነው፣ አንዱ ጋ ጭቃ፣ አንዱ ጋ ባዶ። ተቃጥሎ ወይም በስብሶ ውስጡ ያለቀ፣ ላዩ ግን ጠንካራ መስሎ የቆመ ቦታ አለ። ሎደር እንኳ ይውጣል። ከሁሉ የምፈራው ከሥር መጫርን ነው። የካባ ድንጋይ ላይ የለመዱ ኦፕሬተሮች ከሥር ይፍቁና ከላይ እስኪወርድላቸው ይጠብቃሉ። ነዳጅ ይቆጥባል። ቆሻሻ ላይ ይህን ማድረግ ነፍስ ማስያዝ ነው። ከላይ ወደ ታች፣ በእርከን። ገበሬዎቻችን ተዳፋት ላይ የሚሠሩትን እርከን አስቡ። ኮንሶን ያየ ሰው እኔ ከምነግረው በላይ ይገባዋል።

ውሃም ሁለት ፊት አለው። አቧራ ለመቀነስ ውሃ ይረጫል፤ መረጨትም አለበት። ሲበዛ ግን ክምሩ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል፣ ጥቁሩ ፍሳሽ ይጨምራል። ከአደጋው በኋላ ቆሼ ላይ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራምና በጃፓን ድጋፍ የገባው የፉኩኦካ ዘዴ ይህንን ነው የሚያስታርቀው። ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች በክምሩ ውስጥና ሥር ይዘረጋሉ። ፍሳሹ በእነሱ ይወጣል። ባዶ በሚቀረው የቱቦ ክፍል አየር ይገባል። አየር ሲገባ የሚፈጠረው ሜቴን ይቀንሳል፣ ክምሩም ቶሎ ይረጋጋል። ዘዴው ቀላልና ርካሽ ስለሆነ እወደዋለሁ። አንድ ነገር ግን አይረሳ። ያንን ቱቦ የሚዘረጋው ሠራተኛ የሚቆመው ገና ባልተረጋጋው ክምር ላይ ነው። መድኃኒቱን የሚያጠጣው ሰው ከበሽተኛው አፍ አጠገብ ነው ያለው።

ስለ መርፌና ስለ ስንጥር ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል፤ አጭር ልሁን። ዓመታት በተቀበረ መርፌ ላይ ኤችአይቪ አይጠብቃችሁም። የጉበት ቫይረስ ቢ ግን ደርቆም ቢሆን ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። «በተዘጋው» መጣያ ላይ ማታ ማታ ስለሚመጣው ገልባጭ መኪና ነግሬያችኋለሁ፤ ስለዚህ የትኛው መርፌ አሮጌ፣ የትኛው የትናንት እንደሆነ አታውቁም። የተወጋ ሰው ወዲያው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፤ በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሻለው። የጉበት ክትባቱ ሦስት ዙር ነው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይጀመር። መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ተህዋሲው አፈር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ ለእሱ መጣያው አሮጌም አዲስም አንድ ነው።

አስቤስቶስ ካጋጠማችሁ፣ ያ የድሮ ጣሪያ ክዳን፣ አትስበሩት። አርጥቡት፣ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሉት፣ ለብቻው አውጡት። በሽታው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ስለሚመጣ ዛሬ የሚያስል ሰው አታዩም። ለዚህ ነው ሰው የሚንቀው።

አሁን ጓንትና ማስክ። ብዙ ድርጅት «ሴፍቲ አሟልተናል» ሲል ጓንት ገዝተናል ማለቱ ነው። ጓንት እወዳለሁ። ቦቲ እወዳለሁ፤ በተለይ ሚስማር የማያሳልፍ ሶል ያለው። አንጸባራቂ ሰደርያም እወዳለሁ፤ ወደ ኋላ የሚነዳ ሎደር ኦፕሬተር ከኋላው ያለውን ሰው አያይም። በተለይ ማሽኑ አዲስ ነገር ሲያወጣ መዳብ ለማግኘት የሚሯሯጠውን ልጅ አያይም። ግን እነዚህ የመጨረሻው አጥር ናቸው፤ የመጀመሪያው አይደሉም። የኮሮና ጊዜው ማስክ ጋዝ አያግድም። ማጣሪያ ያለው ጭንብል እንኳ ኦክስጅን አይሰጥም። ያለውን አየር ያጣራል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ማስክ አድርጎ ጉድጓድ የገባ ሰው ያለ ማስክ ከገባው የሚለየው ይበልጥ በራሱ መተማመኑ ነው። ያ ደግሞ ይብሳል።

አሜሪካ ውስጥ ኒያጋራ ፎልስ ከተማ፣ ላቭ ካናል የሚባል ሰፈር ነበር። አንድ የኬሚካል ኩባንያ ወደ 22 ሺህ ቶን የሚጠጋ ቆሻሻ ቀብሮበት እ.ኤ.አ. በ1953 መሬቱን በ1 ዶላር ለትምህርት ቤት ቦርድ ሸጠው። ትምህርት ቤት ተሠራበት። በ1978 አስቸኳይ ሁኔታ ታወጀ። ከዚያ ጉድ ተነስቶ የወጣው ሕግና እሱን ተከትሎ የመጣው ደንብ እንዲህ ያለ ቦታ የሚያጸዳ ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት 40 ሰዓት እንዲሰለጥን፣ ቀጥሎም 3 ቀን ልምድ ባለው አለቃ ሥር እንዲለማመድ ያስገድዳል። 40 ሰዓት! እኛ ጋ ስልጠናው ስንት ነው? «ጓንት ያዝ፣ ና ግባ።» ሦስት ሴኮንድ።

ሕግ የለንም እንዳትሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ስለ አደገኛ ቆሻሻም አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሠራተኛ አዋጁ አደጋ እያንዣበበ አሠሪው ተነግሮት ዝም ካለ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል ይላል። ጥሩ። ግን ለቀን ሠራተኛ ሥራ መልቀቅ ማለት እራት መልቀቅ ነው። እሱ የሚፈልገው መልቀቅ ሳይሆን ማስቆም ነው። ጉድጓዱ እስኪለካ ማስቆም፣ ከዚያ መቀጠል፣ የቀኑን ክፍያም ማግኘት። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው አስጊ ከሆነ አደጋ ራሱን ያራቀ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት እንዳይጎዳ ይላል። እኔ ይህን ወደ ሳይት ቋንቋ ስተረጉመው እንዲህ ነው፦ «አቁሙ» ያለ ሰው የዚያ ቀን ደመወዙ አይቆረጥም። ተሳስቶ ቢሆን እንኳ። በተለይ ተሳስቶ ቢሆን። ልክ ሲሆን ብቻ የሚከፈለው ከሆነ እርግጠኛ እስኪሆን ይጠብቃል። እርግጠኛ እስኪሆን ከጠበቀ ደግሞ ረፍዷል።

ያቺ እናት የዚያን ቀን ደመወዛቸው ተቆርጦባቸዋል። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ታሪኩን ማሳመሬ ነበር። ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ሄጄ ተከራከርኩ፤ አልተሳካልኝም። ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እኔ በነፍስ ተሳስቼ ሙሉ ደመወዜን በላሁ። ልክ የነበሩት እሳቸው ከፈሉ።

በኋላ ተወዳጀን። አንድ ቅዳሜ ቦታውን አብረን ዞርን። ወረቀት ይዤ፣ እሳቸው እየነገሩኝ ካርታ ሣልኩ። «እዚህ የሆስፒታል መኪና ይደፋ ነበር።» «እዚህ የቆዳ ፋብሪካ።» «እዚህ ሣር አይበቅልም፤ ተወው።» አንድ ጥግ ላይ ቆሙና «ውሾቹ ማለዳ እዚህ ነው የሚተኙት» አሉ። ለምን? «ስለሚሞቅ ነዋ!» ከሥሩ እሳት ነበር። የቆሻሻ እሳት ያለ ነበልባል ለወራት፣ ለዓመታት ሊብላላ ይችላል። ሳያውቁ ሲቆፍሩት አየር ያገኝና ይነሳል። መሐንዲሶቹ በሰጡን ካርታ ላይ ያ ጥግ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ «ዝግጁ» ተብሎ ነበር። ዞረን እስክንጨርስ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ማንም ቀድሞ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ቀድሞ የሚገባው ማን ነው ስትሉኝ፣ መጀመሪያ የሚገባው የእሳቸው ካርታ ነው። ከዚያ ገመድ ላይ የታሰረው መለኪያ። ከዚያ ማሽኑ፣ ከላይ ወደ ታች። ሰው መግባት ካለበት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ በበኩሌ አንድ ልማድ አበጅቻለሁ፤ ጉድጓዱን «ንጹህ ነው» ብዬ የፈረምኩ ቀን ቀድሜ የምወርደው እኔ ነኝ። ፊርማዬ እንዴት እንደከበደ ብታዩ!

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት ይህችን የጋዝ መለኪያ ላዙር። የዋጋ ነገር ከተነሳ፣ ብዙ ሳይት ላይ ከአንድ የኤክስካቫተር ጎማ ሰንሰለት ጥገና ታንሳለች፤ ማሽኑ ሲቆም በሰዓት የምትከስሩትን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስትቀበሏት መሃል ያለውን ቁልፍ ተጫኑት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ 20.9 ማለት አለባት። ከዚያ ሁለተኛውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙት፤ ማስጠንቀቂያዋን ታሰማችኋለች። ጆሮ ይበሳል፤ ልጅ የታቀፋችሁ ቀድማችሁ አሳልፏት። የቀራችሁት አንዴ አስጩኋት። ሳይት ላይ ድንገት ስትሰሙት «ምንድን ነው እሱ?» ብላችሁ እንዳትቆሙ ነው። በዚህኛው ጥግ፣ ከእርስዎ እንጀምር እናቴ። ቁልፉ ጠንከር ይላል፤ በአውራ ጣት።